«የመንግሥት ሰነድ ነው፣ ለግለሰብ አይሰጥም» ለተባሉት መምህር

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ሲል ይህ ነው፦

«በምዕራብ ጎጃም የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለሙያዎች በመኪና መጥተው የቀበሌያችንን ወንዝ ለኩ። ማሳ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው አፈር በላስቲክ ቋጥረው ወሰዱ። የመስኖ ጥናት ነው አሉን። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ግማሹ ገበሬ ‹ግድቡ ቀርቷል› ይላል፤ ግማሹ ‹መሬታችን ሊወሰድ ነው› ይላል። ወረዳ ሄጄ ጥናቱን አሳዩኝ ብል ‹የመንግሥት ሰነድ ነው፣ ለግለሰብ አይሰጥም፣ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ› ተባልኩ። መብት አለኝ ወይ? ካለኝስ ወረቀቱ የት ነው ያለው?»

መምህር፣ የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ አጭር ነው። አዎ፣ መብት አለዎት። ረጅሙ ሁለተኛው ነው። እኔም ብዙ ዓመት ሰነድና መዝገብ ስይዝ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ላቤ የፈሰሰው ሁለተኛው ላይ ነው።

ሕጉን ቶሎ ልጨርስልዎ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ያነሳል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል። ዝርዝሩ የተጻፈው በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ውስጥ ነው። «እሱ አዋጅ እኮ ተሽሯል» የሚል ሰው ይገጥምዎ ይሆናል። ግማሽ እውነት ነው። የጋዜጣና የሬዲዮ ጉዳይ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 ተተክቷል። የመረጃ ነፃነቱ ክፍል ግን እንዳለ አለ። አዋጁ መረጃ የመጠየቅ መብት የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው። ለጋዜጠኛ ብቻ አላለም፣ ለተመራማሪ ብቻም አላለም። ግዴታውም የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ብቻ አይደለም፤ የክልል መሥሪያ ቤቶችንም ይይዛል። ወረዳው ከክልሉ መንግሥት እርከኖች አንዱ ነውና «እኛን አይመለከተንም» ማለት አይችልም። የድጋፍ ደብዳቤ የሚሉት ነገር ከቢሮ ልማድ የመጣ ነው እንጂ ከአዋጁ የመጣ አይደለም።

ሌላም የሚደግፍዎ ሕግ አለ፣ ብዙ ሰው አያስታውሰውም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲደረግና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዝዛል። በተለይም ፕሮጀክቱ ሊነካቸው የሚችል የአካባቢው ሰዎች የሰጡት አስተያየት ከግምገማው እንዲገባ ይላል። የእናንተ ወንዝ ጥናት እንዲህ ያለ ክፍል ካለው፣ ያ ክፍል ባለሥልጣን ደስ ሲለው የሚያሳያችሁ ነገር አይደለም። መጀመሪያውኑ ወደ እናንተ መምጣት ነበረበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

ያ የወረዳ ሰው «አይሰጥም» ያለዎት ሚስጥር ስለሆነ አይመስለኝም። እኔ እንደማየው ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወረቀቱ እሱ ጋ የለም። ምናልባትም አይቶት አያውቅም። «የለኝም» ማለት ደግሞ ያሳፍራል፤ «አይሰጥም» ማለት ያስከብራል። ስለዚህ ሁለተኛውን መረጠ። በዚህ ሥራ ስኖር «ሚስጥር ነው» ከተባልኩባቸው ሰነዶች አብዛኞቹ በኋላ ሲገኙ ሚስጥር የሚባል ነገር አልነበረባቸውም። ጠፍተው ነበር እንጂ።

አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት የቆየ የውሃ ጥናት እንድፈልግለት ጠራኝ። ስሙን ልተወው። መዝገብ ቤቷ «ይህን የሚያህል ሰነድ እኛ ጋ የለም» አለችኝ። ኃላፊው «ባለቤቱ ክልል ነው» አለ። በሦስተኛው ሳምንት የግቢው ዘበኛ «አንተ የምትፈልገው ወረቀት ነው አይደል? ግምጃ ቤት ከማዳበሪያው ጀርባ ወረቀት አለ» አለኝ። ሄድን። አራት ጥራዝ ነበር፣ ሰማያዊ ልባስ ያለው። አንዱ እግሩ ከተሰበረ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ሚዛን እየጠበቀ ነበር። የሌላውን የካርታ ክፍል አይጥ በልታው ጠርዙ እንደ ጥልፍ ሆኗል። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ከበላይ አካል ፈቃድ ያስፈልጋል» ሲባልለት የከረመው ሰነድ ያ ነበር።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። «መረጃ ስጡኝ» ብለው አይጠይቁ፤ ስም ያለው ወረቀት ይጠይቁ። ከመጠየቅዎ በፊት ደግሞ ያ ወረቀት ሌላ ማን ጋ ቅጂ እንዳለው ይወቁ።

አንድ ጥናት ሲሠራ ቢያንስ ሦስት እጅ ያልፋል። ገንዘቡን የከፈለ አለ፣ ጥናቱን የሠራ አለ፣ የተረከበ አለ። ሦስቱም ቅጂ ይኖራቸዋል። ወረዳ ከእነዚህ አንዱ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ወረዳ የደረሰው ለባለሙያዎቹ ትብብር እንዲደረግ የሚጠይቅ አንድ ገጽ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ያ አንድ ገጽ ግን ወርቅ ነው። መዝገብ ቤት ሄደው ባለሙያዎቹ የመጡበትን ዓመት ገቢ ደብዳቤ መዝገብ እንዲያዩልዎ ይለምኑ። እዚህ ላይ መለመን ያዋጣል፤ መብት መጥቀስ አያዋጣም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በሁሉም የሚረሳ ሰው ነው፤ ሰላም ብሎ ቁጭ ያለን ሰው አይረሳም። ደብዳቤው ላይ የላከው መሥሪያ ቤት፣ ቁጥሩና የፕሮጀክቱ ስም ይኖራል። የፕሮጀክቱን ስም በትክክል ካገኙ ግማሽ መንገድ ሄደዋል። ይህ ካልሆነ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ወይም የዚያን ጊዜዋን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይጠይቁ። መኪናው በር ላይ ምን ተጽፎ ነበር? ሰዎቹ የት አደሩ? አፈሩን የቋጠሩበት ላስቲክ ላይ የጻፉት ነገር አለ ወይ? ይህ ሁሉ የፖሊስ ምርመራ ይመስላል። ግን የአንድ ገበሬ ልጅ «መኪናው ላይ እንዲህ የሚል ነበር» ብሎ የነገረኝ ቃል ሁለት ወር ያዳነኝ ጊዜ አለ።

ከዚያ ወደ ከፋዩ ይሂዱ። በእኛ አካባቢ አነስተኛ መስኖ ብዙ ጊዜ የሚጠናውና የሚሠራው በውጭ ብድርና እርዳታ ጭምር ነው። የዓለም ባንክ ያለበት የግብርና ዕድገት ፕሮግራም ነበር። ዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ ያለበት የአሳታፊ አነስተኛ መስኖ ልማት ፕሮግራምም አማራ ክልል ውስጥ ሠርቷል። የእናንተ ወንዝ ከእነዚህ በአንዱ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። አበዳሪዎቹ የራሳቸው የመረጃ ፖሊሲ አላቸው። የዓለም ባንክ ከሰኔ 2002 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በመርህ ደረጃ ሰነዱ ሁሉ ክፍት ነው፣ የተዘጋው በዝርዝር የተጠቀሰው ብቻ ነው ብሏል። የፕሮጀክት ሰነዶችን፣ የአካባቢና የማኅበራዊ ጥናቶችን ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ማንም ያወርዳል፤ ማመልከቻ የለ፣ ማኅተም የለ።

ምሳሌ ልስጥዎ፣ ሩቅ ሳንሄድ። ከመራዊ አጠገብ ያለውን ቆጋን ያውቁታል። 7,000 ሄክታር አካባቢ እንዲያጠጣ የተሠራ ግድብ ነው፣ በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር። የቆጋን የፕሮጀክት ግምገማ ሰነድ ከአገር ቤት ቢሮ ልውሰድ ብለው ቢነሱ ስንት ቀን እንደሚመላለሱ እግዜር ይወቅ። ባንኩ ድረ ገጽ ላይ ግን ተቀምጧል። ለምን እንደታሰበ፣ ስንት ብር እንደተመደበ፣ ምን ሥጋት እንደታየ ተጽፎበታል። የመራዊ ገበሬ ስለ ገዛ ማሳው የተጻፈውን ለማንበብ በአቢጃን በኩል መዞሩ ያስቃል፤ ያናድዳልም። ቢሆንም መንገዱ ክፍት ነው፣ ይጠቀሙበት።

ሁለተኛው እጅ ጥናቱን የሠራው ነው። በክልላችን የመስኖ ጥናትና ዲዛይን የሚሠራ የክልሉ የልማት ድርጅት አለ፤ የአማራ ዲዛይንና ቁጥጥር ሥራዎች ድርጅት፣ ባሕር ዳር ነው። በመንግሥት ባለቤትነት ወይም ቁጥጥር ሥር ያለ ድርጅትም ከአዋጁ ውጭ አይደለም። ጥናቱን የግል አማካሪ ከሠራው ግን አማካሪውን አይድከሙበት። «ደንበኛዬን ጠይቅ» ይልዎታል፣ እውነቱንም ነው። ደንበኛው የክልሉ ቢሮ ነው፣ ወደዚያ ይሂዱ።

ሦስተኛው ተረካቢው ነው፤ ዋናው ችግር እዚህ ይመጣል። መሥሪያ ቤቶቻችን ስም ይለዋውጣሉ። የፌዴራሉን ብቻ ይመልከቱ። የውሃ ሀብት ሚኒስቴር ነበር፤ የውሃና ኢነርጂ ሆነ፤ መስኖ ተጨመረበት፤ ኢነርጂው ኤሌክትሪክ ተባለ፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ መስኖ ተነጥሎ ወደ መስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር ሄደ። በእያንዳንዱ ለውጥ ሠራተኛ ይሸጋገራል፣ ወንበር ይሸጋገራል፣ መኪና ላይ ጠብ ይነሳል። ቦክስ ፋይሉን ግን «የኔ ነው» የሚል የለም። የክልል ቢሮዎችም ከዚህ የተለዩ አይደሉም። ስለዚህ ቢሮ ሲሄዱ «በዚያ ዓመት ይህን ሥራ የያዘው የትኛው የሥራ ሂደት ነበር? አሁን ለማን ተላለፈ?» ብለው ይጠይቁ። ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ሰው ካገኙ ሻይ ይጋብዙት። የቢሮው ካታሎግ እሱ ነው።

አራተኛ እጅም አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። ተማሪዎች። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲሠራ የመንግሥትን ጥናት ከቢሮ በትውውቅ ያገኝና ሠንጠረዡን፣ ካርታውን፣ የአፈር ውጤቱን አባሪ ላይ ይገለብጠዋል። ዋናው ሰነድ ጠፍቶ አባሪው የተረፈበት ጊዜ አጋጥሞኛል። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ለሁሉም ክፍት ሆኖ በብሔራዊ የዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጥ ይላል። ሁሉም ገብቷል ማለት አይደለም። ነገር ግን የወንዝዎን ስም እዚያና የየዩኒቨርሲቲው ማከማቻ ውስጥ ሳይፈልጉ ባሕር ዳር ድረስ የትራንስፖርት አያውጡ።

ስለ አፈሩ ብቻ ከሆነ ሐሳብዎ አዴት አለ። የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል በክልሉ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ነው። የጎጃምን የአፈር አሲዳማነት፣ የኖራ ሙከራ፣ የስንዴና የድንች ዝርያ ጉዳይ ሲያጠና የኖረ ቤት ነው። ውጤቶቹ በየዓመቱ በሚካሄዱ የግምገማ ጉባኤዎች መድበል ውስጥ ይታተማሉ። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የግብርና ናሙና ጥናት ደግሞ ምዕራብ ጎጃም፣ ምሥራቅ ጎጃም፣ አዊ እያለ በዞን ያሳያል። የቀበሌዎን ምርት እዚያ አያገኙም፤ ተስፋ እንዳያደርጉ ነው አስቀድሜ የምነግርዎ።

አሁን አንድ ትንሽ ነገር፣ ግን ብዙ ሰው የሚሸነፍባት። ፊደል።

ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ መጻፉ አይቀርም። ፍለጋው ላይ ጎጃም አንዴ በአንድ ጄ አንዴ በሁለት ጄ ተጽፎ ይመጣል። ደምበጫ በኤም አለ፣ በኤንም አለ። ዓባይ በአንድ ቢም በሁለት ቢም ይጻፋል፣ ሲያሰኛቸው ደግሞ «ብሉ ናይል» ነው። ምዕራብ ጎጃምን አንዱ ተርጉሞ «ዌስት» ይለዋል፤ ሌላው ሳይተረጉም «ሚራብ» ብሎ ይተወዋል። ሁሉንም ይሞክሩ። ዓመተ ምሕረቱንም ይጠንቀቁ። አዋጅ 590ን እንግሊዝኛ ሰነድ ላይ «590/2008» ተብሎ ያገኙታል፤ ያው ነው፣ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው። የቆየ ጥናት ከሆነ ደግሞ ዞንና ወረዳ ብለው አይፈልጉ፤ ያኔ ጎጃም ክፍለ ሀገር ነበር፣ ከሥሩም ዳሞት፣ ብቸና፣ ሞጣ፣ ቆላ ደጋ ዳሞት የሚባሉ አውራጃዎች ነበሩ። ሰነዱ በአውራጃው ስም ተቀምጦ በወረዳ ስም ስንፈልገው የከረምንበት ጊዜ አለ።

ስለ ቆየ ነገር ካነሳሁ አይቀር። የአሜሪካ መንግሥት የመሬት ማልሚያ ቢሮ ከኢትዮጵያ ጋር ሆኖ የዓባይን ተፋሰስ አጥንቶ በ1956 ዓ.ም. ሪፖርቱን አስረክቧል። 17 ጥራዝ ነው። ከአራቱ ትልልቅ የግድብ ሐሳቦች አንዱ ድንበር አጠገብ የታሰበው ሲሆን፣ ዛሬ ሕዳሴ ግድብ የቆመበት አካባቢ ነው። ከአሁኑ የወንዛችሁ ጥናት ጋር ላይገናኝ ይችላል፤ ግን የጎጃም ወንዞች የድሮ የፍሰት ልኬት ከፈለጉ መነሻው እሱ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ በሥራው ያዘጋጀው ጽሑፍ በዚያ አገር ሕግ የቅጂ መብት የለውም፤ ማንም ያባዛዋል። የእኛ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ግን ከጥበቃ ውጭ ያደረገው የሕግና የአስተዳደር ይፋዊ ጽሑፎችን ነው። የጥናት ሪፖርትን በግልጽ አልጠቀሰም። ስለዚህ ሰነዱን አግኝተው ማንበብና ለገበሬው ማስረዳት አንድ ነገር ነው፤ በመጽሐፍ መልክ አሳትሞ መሸጥ ሌላ ነገር ነው።

ወደ ማመልከቻው ልምጣ። በቃል ጠይቀዋል፣ በቃል ተመለሱ። በቃል የተባለ ነገር ደግሞ ነፋስ ነው። አሁን በጽሑፍ ይግቡ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ጉዳዩ፦ የጥናት ሰነድ ቅጂ ስለመጠየቅ።
በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በ____ ቀበሌ፣ በ____ ወንዝ ላይ፣ ከ____ እስከ ____ ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተካሄደውን የመስኖ ጥናት የመጨረሻ ሪፖርት ከነካርታውና ከነአፈር ምርመራ ውጤቱ ቅጂው እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ። ሰነዱ በጽሕፈት ቤታችሁ ከሌለ የሚገኝበት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። ሊሰጥ የማይችል ክፍል ካለ ምክንያቱ ተገልጾ ቀሪው እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

በቃ። ከዚህ አይርዘም። «ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ተጥሶ» የሚል አይጨምሩ። ግልባጭም በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አያድርጉ። እኛ አገር ግልባጭ ያለበት ደብዳቤ ክስ ይመስላል፤ ሰውየው ገና ሳያነብ ይቆጣል።

እርስዎ የጎጃም ሰው ነዎት፣ ቅኔ አይጠፋዎትም። የዚህች ማመልከቻ ሰም «ቅጂ ስጡኝ» ነው። ወርቁ ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ናት። «እኛ ጋ የለም፣ እገሌ ቢሮ ነው ያለው» የሚል አንድ መስመር ከነማኅተሙ ካገኙ አሸንፈዋል። ያንን ይዘው የተባሉበት ቢሮ ሲሄዱ «እኛ ጋ የለም» ማለት ይከብዳቸዋል።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በሁለተኛው ላይ ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን ተጽፎ፣ ቲተር ተመትቶበት ወደ ኪስዎ ይመለስ። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ አልገባም ማለት ነው። ከዚያ ግልጹን ነገር ይጠይቁ፣ «የሚመለከተው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ማን ነው?» ብለው። አዋጁ ጥያቄ ተቀብሎ የመመለስ ኃላፊነት የሰጠው ለእሱ ነው። ወረዳ ላይ ኮሙኒኬሽን የሚሉት ሊሆን ይችላል። «ይህ የኛ ሥራ አይደለም፣ እኛ ዜና ነው የምንሠራው» ሊሉዎት ይችላሉ። ፈገግ ብለው የአዋጁን ቅጂ ያሳዩአቸው። ብዙዎቹ እውነትም አያውቁትም።

ጊዜው 30 ቀን ነው። ያራዝሙ ይሆናል፤ ግን እንዳራዘሙ ሊነግሩዎት ይገባል። ለማባዣ ወጪ ሊያስከፍሉዎት ይችላሉ። ካርታ በቀለም ማባዛት ውድ ነው፤ ፍላሽ ይዘው ይሂዱ፣ ባዶ ይሁን። ቫይረስ ያለበት ፍላሽ ይዞ የሄደ ሰው ሁለተኛ አይታመንም።

አባትዎ ወይም የቀበሌው ሰው ራሳቸው መጠየቅ ቢፈልጉና መጻፍ ባይችሉስ? በቃል መጠየቅ ይችላሉ፤ ጥያቄያቸውን በጽሑፍ የማስፈር ግዴታ የኃላፊው ነው። ይህን የአዋጁን ክፍል እወደዋለሁ፣ ሲሠራበት ያየሁት ግን ከአንድ ጊዜ አይበልጥም።

እምቢ ካሉ ወይም ዝም ካሉ ይግባኝ አለ። መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ። ቀጥሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፣ አዲስ አበባ መሄድ የለብዎትም። ከዚያም ፍርድ ቤት። እውነቱን ልንገርዎ፣ ለአንድ የመስኖ ጥናት ፍርድ ቤት ድረስ አይሂዱ። ዕድሜዎን ይበላል። እንባ ጠባቂ ድረስ ግን ይሂዱ። ከእነሱ የሚመጣ አንድ የማብራሪያ መጠየቂያ ደብዳቤ ከማዳበሪያው ጀርባ ያለውን ሰነድ ሲያስወጣ አይቻለሁ።

በእርግጥ የማይሰጥዎ ነገርም አለ፣ እሱን አያኩርፉ። ካሳ ሊከፈላቸው የሚገቡ ሰዎች ስምና የቤተሰብ ዝርዝር የግል መረጃ ነው። ያልተከፈተ የጨረታ ዋጋ ግምት አይሰጥም። ለካቢኔ የቀረበ ሰነድና ገና ያልተወሰነ ጉዳይ ላይ ባለሙያ ለአለቃው የሰጠው የውስጥ ምክር ሊከለከል ይችላል። አገር ደኅንነትን የሚነካ ነገርም እንዲሁ። የወንዝ ፍሰት፣ የአፈር አሲድ መጠን፣ የመስኖ ቦዩ የሚያልፍበት መስመር ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። «ረቂቅ ነው» ካሉዎት ዓመቱን ይጠይቁ። አምስት ዓመት ረቂቅ ሆኖ የቆየ ነገር ረቂቅ መሆኑ አብቅቷል።

ሰነዱ እጅዎ ሲገባ መጀመሪያ የሚያዩት ሽፋኑን ነው። ምን ዓይነት ጥናት ነው? ይህ ለቀበሌው ሰው ከሁሉም ይበልጣል። «ሪኮነሳንስ» የሚል ከሆነ ሰዎቹ አካባቢውን ቃኝተው ሄደዋል ማለት ነው፤ ምንም አልተወሰነም። «ፊዚቢሊቲ» ከሆነ ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን መርምረዋል፤ ያዋጣል ቢልም ገንዘብ ተገኝቷል ማለት አይደለም። «ዲቴይል ዲዛይን» ከሆነ ቦዩ በማን ማሳ እንደሚያልፍ ተሰምሯል፤ አሁን መሰብሰብና መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ማጠቃለያውን ያንብቡ፣ ቀጥሎ «ኮማንድ ኤሪያ» የሚለውን ካርታ ያውጡ። ውሃው የሚደርሰው መሬት እሱ ነው። ውሃው የሚተኛበት መሬት ደግሞ ለብቻው ይሰመራል። ግማሹ ገበሬ የሚፈራውና ግማሹ ተስፋ የሚያደርገው ሁለት የተለያዩ መስመሮች ናቸው፤ በአንድ ወሬ ተቀላቅለው ነው ያስጨነቁት።

ገበሬው ለምን ተጠራጠረ ብለው አይፍረዱበት። ጎጃም መለኪያ ይዞ የሚመጣን ሰው የሚያይበት ዓይን ቆየት ያለ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ፣ መሬት ሊለካ ነው ሲባል አገሩ ሸፍቷል። ከዚያ በፊት ደግሞ የርስትና የጉልት ነገር በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ክርክር ሲነሳ መጽሐፉ ወጥቶ ይነበባል። ለካ የሄደው ባለሙያ የጻፈውን ሳያነብልን ከቀረ፣ ሰው የራሱን ይጽፋል።

ስለዚህ ሰነዱን ሲያገኙ ማጠቃለያውን ወደ አማርኛ ይመልሱት። ሁለት ገጽ ይበቃል። ለሰንበቴ ወይም ለቀበሌ ስብሰባ ያንብቡት። አንድ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይስጡ፣ አንድ ለቀበሌው። ኔት ሲኖር ያወረዱትን ሁሉ እዚያው ቀን ሌላ ቦታም ያስቀምጡ፤ በአካባቢያችን ኔት ሲጠፋ ለወራት ሊጠፋ እንደሚችል አይተናል። ወረዳውም አንድ ቅጂ ይድረሰው። አልቀለድኩም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መምህር ሲመጣ ያ ሰውዬ መደርደሪያውን አሳይቶ «አለ» እንዲል።

መጀመሪያ ግን የፕሮጀክቱን ስም ከገቢ ደብዳቤው መዝገብ ያግኙልኝ። ካገኙ ገጹን በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩት፤ ከፋዩ ማን እንደሆነ እኔም አብሬዎ እፈልጋለሁ።